የሰዓዳ አርባ ሰከንድ

በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጦይባ እንድሪስ ቲማቲም እየከተፈች ሳለ የወጥ ቤቷ ግድግዳ በራና ጽሑፍ አወጣ። ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ አነበበችው። ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው። በሦስተኛው ላይ፣ ብቻዋን እንደቆመች፣ እልልታዋን አቀለጠችው።

ባሏ ሙሄ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደተቀባ እየሮጠ መጣ።

«ምን ተገኘ? ማን ወለደ?»

«ማንም አልወለደም። ባለክንዷ ሰዓዳን አገኘቻት!»

«የቷን ሰዓዳ?»

«ሰዓዳ ይማምን ነዋ! ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ሙሄ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ!»

ሙሄ ጠጋ ብሎ ግድግዳውን አነበበ። በዳይ፣ ሰዓዳ ይማም። ተበዳይ፣ ጦይባ እንድሪስ። በደሉ፣ በሠርግ ቀን በሰው ፊት ማሳፈር። ርዝመቱ፣ ሁለት ክንድ ከስንዝር። ምላሹ፣ በመጪው እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በሰዓዳ ልጅ በሂክማ ሠርግ ላይ፣ ሰዓዳ በእጇ የሰፋችው የሙሽራ ቀሚስ ያለበት ጉድለት ለአርባ ሰከንድ በታዳሚ ፊት ይነበባል። ተበዳይ ከሃያ እርምጃ ባልራቀ ቦታ ተገኝታ መድረሱን ታረጋግጣለች። ለበዳይ አስቀድሞ የነገረ ምላሹ በራሱ ላይ ይዞራል።

«ምን ልልበስ?» አለች ጦይባ።

ሙሄ አረፋውን በመዳፉ ጠረገና ወደ መስታወቱ ተመለሰ።

ባለክንዷ በወረቀት ላይ ስሟ ኔሜሲስ ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ሥራ ስትጀምር ስም ያወጡላት ሰዎች ከጥንት ግሪኮች ተረት የወሰዱት ነው። በተረቱ የሌሊት ልጅ ናት፤ የታበየን ሰው እግር በእግር ተከትላ የሠራውን በልኩ የምትመልስለት የበቀል አምላክ። በምላሽ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ምስሏ ተቀርጿል፦ ክንፍ ያላት ሴት፣ በእጇ አንድ ክንድ የሚሆን የመለኪያ ዘንግ የያዘች። የኮምቦልቻ ሰው የግሪኩ ስም አፉ ላይ አልሄድ ሲለው ባለክንዷ ብሎ ጠራት፤ በዚያው ጸና።

ኑሮ ከእሷ ጋር ተለምዷል። ዝናብ ባቆረው ውሃ ውስጥ መኪናውን አብርሮ መንገደኛ ላይ ጭቃ የረጨ ሰው፣ በማግስቱ አዲስ ሱፉን ለብሶ ሲወጣ የመንገድ ማጽጃው ጠብቆ ያንኑ ያህል ጭቃ፣ ያንኑ ቦታ ላይ ይረጨዋል። አስተናጋጅ ላይ የጮኸ፣ ቤቱ ሲገባ ፍሪጁ ይጮህበታል። ሰው ራሱን ማመስገን ትቷል። የእግር ኳስ ደጋፊዎች ጎል ሲገባ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ነው የሚደሰቱት። እናቶች ልጃቸው ጎበዝ መሆኑን ለጎረቤት የሚናገሩት ቧንቧ ከፍተው፣ በውሃው ድምፅ ተከልለው ነው። ከአምና ወዲህ ደግሞ ባለክንዷ የድሮ የስልክ ቪዲዮዎችን ማየት ጀምራለች፤ ያረጀ ነገር እየቆፈረች ማውጣት ይዛለች።

የጦይባ ነገር እንዲህ ነበር። በሁለት ሺህ ሃምሳዎቹ እሷና ሰዓዳ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ጎን ለጎን በተተከሉ ማሽኖች ይሠሩ ነበር። ምሳቸውን ከአንድ ዕቃ ይበላሉ፤ አንዷ ስትታመም ሌላዋ የሁለቱንም ሥራ ትወጣለች። ጦይባ ሙሄን ልታገባ ስትል፣ ከማሽኖቹ ሥር የሚጣለውን ነጭ ቁርጥራጭ ጨርቅ አስፈቅዳ ሰበሰበች። ስድስት ወር ሙሉ፣ መዳፍ የማይሞላውን ከመዳፍ ከማይሞላው ጋር እየገጠመች፣ የሙሽራ ቀሚስ ሠራች። መጋጠሚያው በዓይን አይለይም ነበር። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንደኛ ሚዜዋ ሰዓዳ።

በሠርጉ ቀን፣ ሰው ሁሉ ቀሚሱን ሲያደንቅ፣ ሰዓዳ ማይክራፎኑን አነሳች። «ይህን የምታደንቁትን ቀሚስ ታውቁታላችሁ? በመጥረጊያ የተሰበሰበ ነው! ከማሽኔ ሥር ነው የተጠረገው!» አለችና የቀሚሱን ጫፍ ገልብጣ ስፌቱን አሳየች። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ጦይባ ያን ቀሚስ በዚያው ቀን አውልቃ ዳግም አልለበሰችውም። ሰዓዳንም ዳግም አላናገረችም። በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ አንዷ ስትመጣ ሌላዋ መንገዱን ተሻግራ በማዶ እያለፈች፣ ሠላሳ አንድ ዓመት።

ረቡዕ ዕለት ጦይባ ደስታዋን ማጣጣም አማራት። የቀሚሱን ጉድለት አስቀድማ በዓይኗ ማየት ፈለገች። ከቦርከና ዳር ካለው ቤቷ ተነስታ ዳገቱን በእግሯ ወጣች። የሰዓዳ ቤት መስኮት ወደ መንገዱ ነው፤ መጋረጃው ተገልጦ ነበር። ጦይባ ጫማዋን የምታስር መስላ ጎንበስ አለችና አሻግራ አየች።

ሂክማ ቀሚሱን ለብሳ በርጩማ ላይ ቆማለች። ልብስ በአንድ ትዕዛዝ ተሠርቶ በሚወጣበት ዘመን በእጅ የተሰፋ ነገር ማየት ራሱ ብርቅ ነው። ጦይባ ግን የልብስ ሰፊ ዓይን ነበራትና ወዲያው ገባት። የግራው እጅጌ ከቀኙ በሁለት ጣት ይረዝማል። ወገቡ ላይ ስፌቱ እንደ ሰካራም መንገድ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሰዓዳ ከልጇ እግር ሥር ተንበርክካ ጫፉን እየዳሰሰች ነው። እየዳሰሰች እንጂ እያየች አይደለም። ጨርቁን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ነበር የያዘችው።

«እጅጌው እንዴት ነው? ልክ ነው?» አለች ሰዓዳ።

ሂክማ የግራ ትከሻዋን ከፍ አደረገች። ሁለቱ እጅጌዎች እኩል ሆኑ።

«ልክ ነው እማዬ። እንዴት እንደሚያምር!»

«እስቲ ዙሪልኝ።»

ልጅቱ ትከሻዋን እንደሰቀለች፣ አንገቷን በአንድ በኩል ቀብራ፣ ፊቷ በሳቅ እንዳበራ ዞረች። ስትዞር ከመስኮቱ ውጭ ያጎነበሰችውን ሴት አየቻት። ዓይን ለዓይን ገጠሙ። ሂክማ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፦ አደራ፣ እንዳትነግሪያት።

ጦይባ ዳገቱን ስትወርድ ያ ሁሉ ደስታዋ የት እንደሄደ አታውቅም። ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ ወደ ምላሽ ጽሕፈት ቤት ሄደች።

በመስኮቱ ላይ መኩሪያ የሚባል ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ሠራተኛ ነበር። ጉዳዩን ከፍቶ አነበበና ፈገግ አለ።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ እትዬ ጦይባ።»

«አልፈልገውም። ይቅር ብያለሁ፤ ሰርዝልኝ።»

«ይቅርታ የሚባል ቁልፍ እኮ የለንም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነበረ። ጉልበት ያለው ሁሉ ደካማውን እያስፈራራ ይቅር ስላስባለ ቁልፉ ተነሳ።»

«ልጅቱ ምን አደረገች? ሠርጉ እኮ የሷ ነው!»

«ያኔስ የማን ነበር?» አለ መኩሪያ፣ በክፋት ሳይሆን እንደ ሰዓት ነጋሪ።

ጦይባ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። «ለሰዓዳ መንገር ክልክል ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቀሚሱን ማስተካከልስ?»

መኩሪያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። ደንቡን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አገላበጠ። «ስለ ማስተካከል አይልም» አለ በመጨረሻ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን እትዬ፣ አርባ ሰከንዱ አይቀርም። የቀሚሱ ጉድለት ከጠፋ ሌላ ነገር ፈልጋ ታነባለች። የምታነበው ሁሉ ደግሞ እውነት ነው። የባሰ ቢሆንስ?»

ሐሙስ ጠዋት ሰዓዳ በሯ ሲንኳኳ ገርበብ አድርጋ ከፈተች። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ቆመች።

«ማነው?»

«ጦይባ ነኝ።»

«የቷ ጦይባ?»

«የተጣላሻት ስንት ጦይባ አለች?»

ሰዓዳ በሩን አልዘጋችውም፤ አልከፈተችውምም። «ምን ፈልገሽ ነው?»

«ቀሚስ እየሰፋሽ ነው ሲሉ ሰማሁ። መርፌ ከያዝኩ ዓመታት አልፈውኛል፤ እጄ ናፈቀው። ላግዝሽ።»

«አልቋል እኮ።»

«እንግዲያው ልየው።»

«ለምን ታይዋለሽ? ልትስቂበት?»

ጦይባ ያን ጊዜ ተመልሳ መሄድ ትችል ነበር። ምላሷ ላይ የመጣውንም ነገር ብትናገረው ደጁ ይፈርስ ነበር። ግን ሂክማ ከኋላ ብቅ አለችና የመስኮቷን ሴት ስታይ ፊቷ ፈካ።

«እማዬ፣ አስገቢያቸው እንጂ! ሰው በር ላይ ይቆማል?»

በመጀመሪያው ቀን ብዙም አልተነጋገሩም። ጦይባ ቀሚሱን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ በጣቶቿ ሄደችበት። የግራውን እጅጌ ከብብቱ ጀምራ ስትተረትር ሰዓዳ የክሩን ድምፅ ሰማች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እጅጌው ትንሽ… አየር ያንሰዋል።»

«አየር?»

«አዎ፣ አየር።»

ሰዓዳ የተተረተረውን ጫፍ በጣቷ ፈለገችው። በጣም ቀስ ብላ፣ «ስንት ጣት ነው የረዘመው?» አለች።

«ሁለት።»

«ልጄ ታውቃለች?»

«ትከሻዋን ሰቅላ ነው የምትለካልሽ።»

ሰዓዳ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ጦይባ ታለቅሳለች ብላ ጠበቀች። ሰዓዳ ግን መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ሆዷ፣ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። «ለዚህ ነዋ! እኔ ደግሞ አንገቷን ያመማት መስሎኝ በቅባት ሳሻት ከረምኩ!» ጦይባ ላለመሳቅ ታገለች። አልቻለችም። ሁለቱም ጠረጴዛውን እየደበደቡ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሂክማ ሮጣ ስትመጣ ሊነግሯት ሞከሩ፤ ቃል አልወጣ አላቸው።

ዓርብና ቅዳሜ እጃቸው ድሮ የሚያውቀውን አገኘ። ጦይባ ክሩን በመርፌው ታሾልካለች፣ ሰዓዳ ትሰፋለች። በዳሰሳ የሚሠራውን ሰዓዳ ያዘች፤ ጣቶቿ ከብዙ ዓይን ይሻሉ ነበር። በዓይን የሚሠራውን ጦይባ። ስለ አለቃቸው አወሩ፤ ኮቴው ሲሰማ ዳቦ ጉንጫቸው ውስጥ ይደብቁ እንደነበር፣ አንድ ቀን ሰላም ሲላቸው አፋቸው ሞልቶ ሁለቱም መመለስ እንዳቃታቸው። ሂክማ ምግብ እያመጣች፣ ቁጭ ብላ እየሰማች፣ ሥራዋን ረሳች። ሙሄ ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቱን ፍለጋ ዳገቱን ወጥቶ መጣ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያይ በሩ ላይ ተደግፎ ብዙ ቆየ።

ስለ ጦይባ ሠርግ ግን፣ ስለዚያ ቀን፣ ሰዓዳ አንድም ቃል አላወጣችም። ጦይባ ትጠብቃለች። መርፌው በወጣና በገባ ቁጥር አሁን ይቅርታ ትለኛለች ብላ ትጠብቃለች። አልመጣም። ሲያልቅም ቀሚሱን አንጠልጥለው አዩት፤ ሰዓዳም እየዳሰሰች አየችው። እንከን የለውም።

«ለጎረቤት ሁሉ ብቻዬን ነው የሰፋሁት ብያለሁ» አለች ሰዓዳ፣ ፊቷን ዞር አድርጋ። «ቃሌን አታጥፊብኝ።»

ጦይባ ደሟ ፈላ። ሻርፗን አነሳችና፣ ደህና ዋሉ ብላ ወጣች። በመንገድ ላይ፣ የታባቷ፣ አርባው ሰከንድ ይድረሳት አለች። አሥር እርምጃ ሳትሄድ ደግሞ ቆመች። ጉድለቱን ያጠፋችው እሷ ናት። አሁን ያቺ ባለክንፍ ምን ፈልጋ ልታነብ ነው?

እሑድ ዳሱ ጢም ብሎ ሞላ። የወይራ ቅጠል መሬቱ ላይ ተጎዝጉዟል። ድቤው ይመታል፤ ሴቶቹ ተቀባብለው ይዘፍናሉ። ሂክማ ስትገባ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ትከሻዋ ቀጥ ብሎ፣ ሁለቱ እጅጌዎች ከእጇ አንጓ ላይ እኩል አርፈው፣ ወገቡ ላይ ስፌቱ እንደ ውሃ ፈስሶ። እንዲህ ያለ ልብስ አይተው የማያውቁ ወጣቶች በጣታቸው ለመንካት ተጋፉ። ጦይባ ከሙሄ ጎን፣ ከሰዓዳ አሥራ አምስት እርምጃ ርቃ ተቀምጣለች።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፅ ማጉያው ሲጥ አለ። ድቤው ቆመ። ዘፈኑ ተቆረጠ። ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የራሱን ሥራ አስታወሰ።

«ሰዓዳ ይማም» አለ ድምፁ፤ ሴት፣ ረጋ ያለች፣ ያልተቆጣች። ሌላው ሁሉ ትንፋሹን ለቀቀ። ሰዓዳ ባለችበት ደረቀች።

«ይህን ቀሚስ ብቻሽን እንደሰፋሽ ለአርባ ሦስት ሰው ተናግረሻል። እውነት አይደለም። በቀሚሱ ላይ ዘጠኝ ሺህ ሰባት መቶ ስፌት አለ። አምስት ሺህ ስድስት መቶው የአንቺ አይደለም። ዓይንሽ ደክሟል፤ ደብቀሻል። የግራው እጅጌ በሁለት ጣት ረዝሞ ነበር። ያቃናችው ጦይባ እንድሪስ ናት። በሁለት ሺህ ስልሳ ዓ.ም. በሠርጓ ቀን፣ የቀሚሷን ጫፍ ገልብጠሽ ሰው ያሳቅሽባት ጦይባ እንድሪስ። ያንን እያወቅሽ ነው ዛሬም ስሟን የደበቅሽው።»

ድምፁ ቆመ፤ ሰዓቱ ግን አላለቀም። በዳሱ ምሰሶ ላይ በተሰቀለው የባለክንዷ ሰሌዳ ቁጥሩ እየቀነሰ ነው። ዘጠኝ። ስምንት። ሂክማ ወደ እናቷ ልትሮጥ ስትል ሰዓዳ እጇን ዘርግታ አስቆመቻት። ማይክራፎኑ ያለበትን በዳሰሳ ፈለገችው፤ አንዲት ሴት አቀበለቻት።

«እውነት ነው!» አለች ሰዓዳ። ድምፅዋ ተሰባብሮ ወጣ። «ሁሉም እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ አጉድላለች፤ እሱን እኔ ልጨምር። ያኔ ለምን እንደሳቅሁባት ታውቃላችሁ? የሷን ያህል መሥራት አልሆንልኝ ብሎ ነው። ከወዳደቀ ጨርቅ እንደዚያ ያለ ልብስ! ስድስት ወር ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳያት ቅናት አቃጠለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደግሞ ይቅርታ ለማለት አፌ አልፈታ አለኝ። ትናንትና እንኳን፣ ክሩን በመርፌዬ እያሾለከችልኝ እንኳን፣ አቃተኝ። ጦይባ! የት ነሽ? አላይሽም እኮ።»

ቁጥሩ ዜሮ ላይ ከደረሰ ቆይቷል። ማንም አላየውም።

ጦይባ እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። ወንበር ገፍታ፣ የሰው እግር ረግጣ ሄደች። ሰዓዳ እጇን ስታገኘው ጨብጣ ወደ ላይ አነሳችው። «ይህን እጅ እዩት!» ብላ ጮኸች። «በከተማችን እንደዚህ ያለ እጅ የለም! የለም እላችኋለሁ! ባለክንዷ ከፈለገች ይህንንም ትጻፈው!»

እንደዚያ ያለ ፉከራ በኮምቦልቻ በአደባባይ ከተሰማ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሰው ሁሉ ምሰሶውን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዚያ ሁሉም። ወንዶቹ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አጨበጨቡ፤ ሙሄ ኮፍያውን ወረወረ፤ ድቤው በራሱ የተነሳ ይመስል ፈነዳ። ጦይባ ስታለቅስም ስትስቅም ነበር፤ የሰዓዳን አንገት አቅፋ፣ «አንቺ እኮ ድሮም ማይክራፎን አይሰጥሽም» አለቻት በጆሮዋ።

ምሰሶው ጦይባን በስሟ ጠራት። «ምላሹ ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል።»

«በዳይ አዝናለች?»

ጦይባ ዞር ብላ አየች። ሰዓዳ ሻርፗን ወገቧ ላይ አስራ፣ በእስክስታ ትከሻዋን እያርገፈገፈች ከልጇ ጋር መሐል ገብታለች።

«በደንብ አልቅሳለች» አለች ጦይባ፤ ሐሰት አልነበረም። የምሰሶው ሰሌዳ አንዴ ብልጭ አለ። ከዚያ ጠፋ።

ጦይባም ገባች። ሦስቱ እየተያያዙ ጨፈሩ። ሂክማ እጆቿን ወደ ሰማይ ወርውራ ስትዞር፣ ከብብቷ ሥር ጭርር የሚል ድምፅ ወጣ። ስፌቱ አንድ ስንዝር ያህል ተተርትሮ ነበር።

«ያንቺ ስፌት ነው!» አለች ሰዓዳ፣ በጣቷ ዳስሳ።

«ያንቺ ነው እንጂ! እኔ እንደዚህ አላላም!»

«ወላሂ ያንቺ ነው!»

ሙሽራይቱን መሐላቸው አቁመው፣ አንዷ ክር ስትፈልግ አንዷ መርፌ እየፈለገች፣ ተጨቃጨቁ። እንግዶቹ ሁለት ወገን ሆነው እየሳቁ ፈረዱ። ከምሰሶው ላይ የምታየው ዓይን የማን ስፌት እንደሆነ ታውቃለች። የጠየቃት ግን አልነበረም።